እኔ የምገባው ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ነበር

ለቅሶ ቤት ገብታችሁ፣ አግዳሚ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ተቀምጣችሁ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ሳታውቁ የቆያችሁበት ጊዜ የለም? አለ እንጂ! ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ድንኳኑ የሰፈራችሁ ድንኳን ነው፤ ታዩታላችሁ፣ ትገባላችሁ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ጠጋ ትሉና በሹክሹክታ ትጠይቃላችሁ። እሱም አያውቅም። ለሚቀጥለው ያስተላልፈዋል። ጥያቄው አግዳሚውን ዞሮ መልስ ይዞ እስኪመለስ እናንተ አዝናችሁ ጨርሳችኋል።

በዚህ ነገር ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ይኸው ልማዳችን አንድ ተውኔት ቀርጥፎ በልቶብኛል። ከተውኔቱም ጋር በሕይወቴ አንዴ ብቻ የተሰጠኝን ትልቅ ንግግር በልቶብኛል። እስቲ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሸምሱ እባላለሁ። ሱቋን የከፈታት ከጉራጌ አገር የመጣው አባቴ ነው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም የለመድኩት ባንኮኒው ጀርባ ነው። ዋጋ ቀንስ ስባል በየትኛው ቋንቋ እንደማለቅስ የሚወስነው ደንበኛው ነው። ተዋናይ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እንዳስብ ያደረገኝ መምህር ዲንሳ ነው።

ዲንሳ የአርጆ ሰው ነው። ያኔ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ተውኔት ይጽፍበት ነበር። አንድ ቀን የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዛ ሲመጣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስከራከር ደረሰ። ሴትዮዋ ጨርቁ ታጥቦ ቀለሙ ለቀቀ ትላለች፤ እኔ በእናቴ እምላለሁ። ዲንሳ የመጣበትን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሴትዮዋ ስትወጣ፣ አንተ ሰውዬ የተበደልክ ስትመስል እንዴት ያምርብሃል አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለቤቴ ስድብ ነው ትላለች። እኔ ግን ያኔውኑ ተዋናይ ሆንኩ።

ይህ ሰው በአንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ። መጋረጃው ሲከፈት የተመልካቹ ልብ ገና ውጭ ነው ይላል። ሰውየው ከሚስቱ ተጣልቶ መጥቶ ይሆናል፤ ጫማው ጭቃ ነክቶት እሱን እያሰበ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቃል ሳትነግረው በፊት አየሩን ታስተነፍሰዋለህ። ማዘን ካለበት ይዘን፣ መፍራት ካለበት ይፍራ። ልቡ ገብቶ ሲቀመጥልህ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ሹልክ አድርገህ ኪሱ ውስጥ ትከታለህ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ኪሱን ሲዳብስ ይኖራል።

ነገሩ አልገባህም ብሎኝ አንድ ጠዋት መናኸሪያ ወስዶ አቆመኝ። አንዲት እናትና አንዲት ልጅ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ማንም ገና አልተናገረም፤ የምትሄደው የትኛዋ ናት አለኝ። ልጅቷ አልኩት። እንዴት አወቅህ? ሻንጣውን የያዘችው እናትየዋ ናት፤ የሚሄድ ልጅ ያላት እናት ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ በር አትለቅም አልኩት። ዲንሳ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ይኸው ነው አለ፤ ሻንጣው ማን እጅ ላይ እንዳለ አሳይ፣ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይጽፈዋል።

እንዲህ የማያደርጉም አሉ። እዚሁ ከተማ አብረን ያየነው አንድ ተውኔት ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየው ደንበኛዬ ነው። ተዋናዩ ይገባል። ማንም ሳይጠይቀው፣ እኔ የእከሌ ልጅ ነኝ፣ የመጣሁት ከደምቢ ዶሎ ነው፣ ከወንድሜ ጋር በመሬት ተጣልተናል፣ እጮኛዬም ትታኛለች እያለ ይዘረግፍልን ጀመር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ቤክኔራ! ቤክኔራ!" ብለው ጮኹ፤ አውቀናል ማለታቸው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናዩ ሳቁ የአድናቆት መስሎት እጅ ነሣና ቀጠለ። ይህን ተውኔት አትርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዲንሳ ተውኔት እንደ ገበያችን ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነበር። የሚጀምረው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ሟቹ ኦቦ በቀለ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤት ከቧቸዋል። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሚስትየዋ ባላቸውን በስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲላቀስ፣ ልቡ ሁሉ ሲላላ፣ ልጅየው ከሩቅ አገር ይደርሳል። ልጅየው እኔ ነኝ! ሁለተኛው ትዕይንት የሚጀምረው በእኔ ነው። ሸራውን ገልጬ እገባለሁ፣ ጣቴን እቀስራለሁ፤ አባቴ ታሞ አልሞተም፣ ተገድሏል፣ የገደለውም እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዱ ነው እላለሁ። ከዚያ ንግግሬ ይቀጥላል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ንግግር ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ እለማመደው ነበር። አንዲት ደንበኛ ጣቴን ስቀስር አይታ የለካሁላትን ትታ ሄዳለች።

ገዳዩ ማን ነው? አላውቅም። ማናችንም አናውቅም ነበር። ዲንሳ ለየአንዳንዳችን የየድርሻችንን ብቻ ነው ያስጠናን። መጨረሻውን የሚያውቅ ተዋናይ መጀመሪያው ላይ ፊቱ ያሳብቃል ይላል። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ወይ ፍንክች።

ይህ ተውኔት የሚታይበት ቀን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። በየከተማው እየዞሩ ተውኔት የሚመርጡ ሰዎች የሚመጡት ያን ቀን ነው። የተመረጠው ተውኔት ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ባኮ እየተዘዋወረ ይታያል። አገሩ ሰላም ሲያጣ ስንት ጊዜ ተዘግቶ የኖረ መንገድ ነው! ዲንሳ ጽሑፉ በዚያ መንገድ ሲሄድ ማየት ነበር ምኞቱ። ዝውውሩም ወጥቶ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ አርጆ ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ካመለጠች አመለጠች።

ሚስትየዋን ሆነው የሚጫወቱት እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ወላጆቻቸው በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ። እዚያው አድገው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ወልደዋል። አገሩ ሲታመስ ልጆቻቸውን ይዘው ነቀምቴ ገቡ። ባለቤታቸው አያ ይመር አብረው አልወጡም፤ እዚያው ሞተዋል። ጥጥ ፈትለው ይሸጣሉ፤ ክር ሲያጥራቸው ከእኔ ይገዛሉ። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። እናውቅ ነበር ስል፣ ብዙውን ነገር እንደምናውቀው ነው፤ አንድ ቀን ሰምተን፣ ከንፈራችንን መጠን፣ ወደ ሥራችን ተመልሰን።

ልምምድ ላይ ለቅሶው እምቢ አለ። እትዬ አልጋነሽ "በቀለ፣ በቀለ" ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ጎረቤት ለምሳ የሚጠሩ ይመስላል። ዲንሳ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ጭንቅላቱን ያዘ። በመጨረሻ ምን ጎደለብዎት ብሎ ጠየቃቸው።

"ኧረ ምን ላርግህ ልጄ!" አሉት። "ድንኳን የለ፣ ሰው የለ፤ ባዶ ቤት ምን ብየ ላልቅስ? በደረቁ እኮ አይወጣም። ድንኳኑን ጣልልኝና ያን ጊዜ እየኝ።"

እኛ ይህን የሰማነው ተዋናይ ዕቃ እንደሚጠይቅ ነው። ዲንሳ እንዲያውም በደስታ ዘለለ። የሰፈሩ እድር ድንኳን! ማንም ነቀምቴ ውስጥ ሲያየው ልቡ የሚወርደው፣ ጥጉ ላይ ከእኔ ሱቅ በሄደ አረንጓዴ ጨርቅ የተጣፈው! አንድ ቃል ሳይነገር አየሩ ይገባል ማለት አይደል?

የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ጉተማ ግን በቀላሉ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ይህ ድንኳን ሰው ሳይሞት ተተክሎ አያውቅም አሉ። ለሠርግስ ስንላቸው፣ ለሠርግ ነጩ አለ፣ እሱን ውሰዱ አሉን። ዲንሳ ነጩ አየር የለውም አለ። ኦቦ ጉተማ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ስንት ተለምነው እሺ ሲሉ አንድ ነገር አስጠነቀቁን፤ እስከ ቅዳሜ እውነተኛ ሟች ከመጣ ድንኳኑ ለሟቹ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዲንሳን ብታዩት! በየጠዋቱ የሰፈሩን አዛውንት ጤና እየዞረ መጠየቅ ጀመረ። አዴ ጫልቱ የሚባሉት ባልቴት ሳል ጠንቶባቸው ነበር፤ ማር ገዝቶ ወሰደላቸው። በነጋታው ደግሞ ብርድ እንዳይመታቸው ከእኔ ሱቅ ጋቢ ወሰደ። አዴ ጫልቱ፣ ይህ መምህር እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። እሱ የሚፈልጋቸው እስከ ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ቅዳሜ ደረሰች፤ ማንም አልሞተም። ድንኳኑ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር አልገባ ስላለ ግቢው ውስጥ፣ ከመንገድ በሚታይበት በኩል ተከልነው። ዲንሳ ተመልካቹንም እዚያው እንደ ለቀስተኛ ሊያስቀምጠው ወሰነ። ተዋናዮቹ በአግዳሚዎቹ መሐል ተበተኑ። ማንም ከገጸ ባሕርይው እንዳይወጣ፣ ምድር ብትገለበጥም እንዳይወጣ አለ። ሁሉን አስቦ አንድ ነገር ረሳ። የእድር ድንኳን ያየ የነቀምቴ ሰው ተመልካች አይሆንም።

መራጮቹ ፊት ተቀመጡ። እትዬ አልጋነሽ ፍራሽ ላይ ናቸው። ዝም። እኔ የመንገደኛ ካፖርት ለብሼ፣ ከሸራው ጀርባ ከዲንሳ ጋር ቆሜ በቀዳዳ አያለሁ። ምልክቴን እጠብቃለሁ፤ እትዬ አልጋነሽ ለሦስተኛ ጊዜ "በቀለ" ሲሉ መግባት ነው።

አንዲት ሴት ዳቦ በሰፌድ ይዛ ከመንገድ ገባች። አልጠራናትም። "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ" አለች፤ ፈጣሪ ያጽናዎት ብላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ገቡ። ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ። ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የእድር ሰዎች። አዴ ጫልቱ ራሳቸው ያን ጋቢ ደርበው መጡ!

ጥያቄው በአግዳሚዎቹ መዞር ጀመረ። ማነው የሞተው? አንዱ ተዋናይ ጋ ደረሰ። ከገጸ ባሕርይው እንዳይወጣ ታዟል፤ ምን ያድርግ?

"ኦቦ በቀለ ናቸው" አለ በሐዘን።

"የቱ በቀለ?"

"ገበሬው።"

"እንዴ! በጊምቢ መንገድ ያለው? አይ በቀለ! አቤት ደግነቱ!" አሉ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። ከዚያ በሬያቸው ማጥ ውስጥ ገብቶ በቀለ እንዴት ጎትቶ እንዳወጣላቸው ተረኩ። ሌላው ቀጠለ፤ ልጁን ሲድር በቀለ ሚዜዎቹን ሁሉ ወንዙን በፈረስ አሻግሮለታል። ዲንሳ ከጽሑፉ አውጥቶ የማያውቀው ሰው ከሽማግሌ አፍ እየተወለደ ነበር። ሰማህ፣ ራሳቸው እየጻፉት ነው አለኝ፤ ደስታው ፊቱ ላይ አልያዝ ብሎ ይፈሳል። እንደዚያ ሲደሰት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

እትዬ አልጋነሽ ቀና አሉ። ምሰሶውን አዩ። የሞላውን አግዳሚ አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተጣሩ።

"ይመር!"

ተሳሳቱ ብዬ ደነገጥኩ። ዲንሳም ሸራው ላይ አፉን ለጥፎ "በቀለ... በቀለ ይበሉ..." እያለ ሊያስታውሳቸው ሞከረ።

"ይመርየ! ድንኳንህ ተጣለልህ። ያውልህ ሰው መጣልህ። ባዶ ሜዳ ጥየህ ሂጀ፣ ማን ገነዘህ? ማን ቆመልህ? እኔስ ዘወር ብየ አላየሁህ። አሁን ሰው አገኘህ ይመርየ፣ አሁን ለቀስተኛ አገኘህ!"

ዲንሳ ማስታወሱን ተወ። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም የገባን። ድንኳኑን ጣልልኝ ያሉት ለተውኔቱ አልነበረም። ለአያ ይመር ለቅሶ ተቀምጠው አያውቁም።

ሴቶቹ ተነሡ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ፣ እትዬ አልጋነሽ በወሎ አማርኛ፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። አግዳሚው ላይ ሹክሹክታው በመጣበት ተመለሰ። በቀለ አይደለም፤ ይመር ነው። የቱ ይመር? የኪራሙው፣ የሳቸው ባል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም። የበሬውን ታሪክ የተረኩት ሽማግሌም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ የሸራውን ጫፍ ይዤ ቆሜአለሁ። ምልክቴ አልመጣም። ግን ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው፤ ልቡ ሁሉ ላልቷል፤ የምገባው እንዲህ ሲሆን አልነበር? ገብቼ ጣቴን ቀስሬ፣ ዳቦ ይዘው ለመጡት ሰዎች፣ ለአዴ ጫልቱ፣ ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው ልል ነው። ዲንሳን አየሁት። መራጮቹ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፤ ያቺ ቅዳሜ እያለፈች ነው፤ ሁሉንም ያውቃል። ቀስ ብሎ እጄን ከሸራው ላይ አነሣው።

"ኮቱ፣ ሴንኔ ሃ ቴኙ" አለኝ። ና፣ ገብተን እንቀመጥ ነው ያለኝ።

ልጅየው ሊገባበት በነበረው በኩል ገባንና ተቀመጥን። ካፖርቴን ያዩ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መሰልኳቸው፤ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ ትልቅ የዳቦ ቁራሽ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ንግግሬን ከዳቦው ጋር ዋጥኩት።

መራጮቹ አልቅሰው፣ እንደ ደንቡ ትንሽ ቆይተው ተነሡ። አንደኛው ለዲንሳ እግዚአብሔር ያጽናህ አለው። ሌላኛው ተውኔቱስ ሊል ሲል ጓደኛው እጅጌውን ጎተተው። ኋላ ሰማን፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ የሚሄደው የደንበኛዬ ተውኔት ሆነ። አዎ፣ ያ "ቤክኔራ" የተባለው።

ወደ ማታ ኦቦ ጉተማ መጡ። ድንኳኑን ሊነቅሉ ነው ብለን ገመዱን መፍታት ስንጀምር ቆጣ አሉ። የተለቀሰበት ድንኳን በዕለቱ አይነሣም፤ እስከ ሠልስት ይቆይ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ሰኞ ጠዋት በድንኳኑ ዳር አልፈው ገቡ።

ዲንሳ ክረምት ሲገባ አርጆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተውኔት ጽፎ አያውቅም። ይቆጨኛል። ያን የመሰለ መጀመሪያ የሠራ ሰው፣ አየሩንም ጥያቄውንም በአንድ ዝምታ ያስገባ ሰው፣ ሁለተኛውን ትዕይንት ሳያሳይ ቀረ። እኔም ንግግሬ ቆጭቶኛል፤ ዋሽቼ አልቆጨኝም አልልም። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ እዚያው ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። እትዬ አልጋነሽ በዚያው መጋዘን በር አልፈው ነበር ክር ሊገዙ የሚመጡት። ሁለቱን ለማገናኘት አንድ ሙሉ ከተማ ተውኔት አስፈለገው።

ሰው ግን ጉድ ነው። ኦቦ በቀለን አልረሳቸውም። እስከ ዛሬ ጨርቅ እያስለካ፣ ለመሆኑ ያ በቀለ ምን ሆኖ ነበር የሞተው ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። ጥያቄዋ ኪሳቸው ውስጥ ቀርታለች። እኔ ምን ልበል? እኔ የነበርኩት ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ነው።

በቅርቡ ሰለቸኝና ለዲንሳ ደወልኩለት። አርጆ እየዘነበ ነበር፤ የቆርቆሮው ጩኸት ይሰማኛል። በል አሁን ንገረኝ፣ ገዳዩ ማን ነበር አልኩት።

"የበቀለ ወንድም ነበር" አለኝ። "ግን ቀይሬዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ተቃቅፎ ካለቀሰበት ድንኳን ውስጥ ገዳይ አላወጣም። ታሞ ነው የሞተው በላቸው፣ ሸምሱ።"

"ታሞ ከሞተ እኔ ምን ልል ነው የምገባው?"

"ምንም አትልም። ገብተህ ትቀመጣለህ።"

ስለዚህ እናንተም ብትጠይቁኝ፣ ኦቦ በቀለ ታመው ነው የሞቱት። እኔ ንግግሬን አሁንም አንዲት ቃል ሳትጎድል በቃሌ እወጣዋለሁ። ጣቴን የምቀስርበት ሰው ነው ያጣሁት።